ፈረንሳይኛ፣ ሦስተኛ «ለ»

ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፣ የማዛጋት ሰዓት፣
ቆርቆሮው ይንጣጣል በአዳማ ሙቀት።
ነፋሱ በመስኮት አቧራ ይዘራል፣
ከጠመኔዬ ቀድሞ ሰሌዳው ይነጣል።
«ፈረንሳይኛም እናስተምራለን» ይላል የበሩ ባነር፤
ወላጅ አንብቦ መጣ፤ መጽሐፍ ግን መች መጥቶ ነበር!
ያለነው እኔና አንድ ፓኬት ጠመኔ፣
አርባ ሁለት አንገት፣ ቀና ያለ ወደ እኔ።

«አፋችሁን ለፉጨት አሞጥሙጡ፣
ሳታፏጩ ግን ‹ኢ› በሉ፣ ድምፁን ብቻ አውጡ።»
ጃፋር አፏጨ። ከዚያ ክፍሉ በሞላ አፏጨ፤
ከግድግዳው ማዶ የሒሳቡ መምህር በቡጢ መልስ ሰጠ።
«‹ር›ን ከጉሮሮ፣ ውሃ እንደሚጉመጠመጥ ሰው።»
ኢፍቱ ሳቀች፦ «ቲቸር፣ የአጎቴ ግመል እንዲህ ነው የሚለው!»

ቁጥር ስንጀምር፣ አን፣ ዱ፣ ትሯ፣ ሚሊዮን እጁን ያወጣል፤
«ቲቸር፣ የኔ ስም መቼ ይደርሳል?» ይላል።
«ታገሥ፣ ገና ሃያ ላይ ነን።» እሺ ብሎ ቁጭ አለ፣
ያን የሚያህል ስም ይዞ፣ ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ የጎደለ።

አንድ ማክሰኞ ነው የነቃሁት። መብራቱ ድርግም ብሎ
«ምን ሆነ?» ስላቸው፣ «አምፖሉ ነዋ፣ ተቃጥሎ!»
«ከድር፣ አባትህ ስብሰባ ለምን ቀረ?» «ሾፌር አይደል?
መኪናው ጋራዥ ገብታ፣ ፍሬኗ እምቢ ቢል።»
በጣቴ ቆጠርኩ፦ አራት ቃል፣ ማንም ሳያስተምራቸው።
«እናንተ ፈረንሳይኛ ትችሉ ነበር» አልኳቸው።
ከድር አላመነም። «ጋራዥማ» አለ፣ «የኛ ነው፣
ከቤታችን ጀርባ፣ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ነው።»

ከዚያ ጠረጴዛ ሴት መሆኗን ነገርኳቸው።
ሮቤራ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ፣
«ምኗ ነው ሴት?» ብሎ ጠየቀ።
መልስ አልነበረኝም፤ ለእኔም የነገረኝ የለም፤
«ዝም ብለህ ያዘው» ብለው ነበር ያሳለፉኝ።
ኢፍቱ፣ እናቷ ከወንጂ ሸንኮራ ተሸክማ የምትመጣው፣
እጇን ሳታወጣ መለሰች፦
«ስለምትሸከም ነዋ።»
«ወንበርስ?» «እሷም ሴት ናት።» «አላልኩም?»
«ግድግዳስ?» «ወንድ።» «አዎ፣ እሱ ቆሞ ማየት ብቻ!»
አሁንስ ተያዘች ብዬ፣ «ቦርሳም ወንድ ነው» አልኩ።
ትንሽ አሰበች።
«እሱማ ራሱን የሚሸከምለት ይፈልጋል።»

አባቴ ይህን ቋንቋ ከሰሌዳ አልተማረም።
ሸማንደፈር ነው ያስተማረው፣ በፉርጎ ቁጥር፣ በቁጣ፤
«ቪት! ቪት!»፣ ፍጠን ማለት ነው፣
ጉርሻውን ሳይውጥ የሚያስነሣው ድምፅ።
ሠላሳ ዓመት «አቤት ሙሴ»፣ «እሺ ሙሴ» ብሏል፣
ኮፍያውን ከራሱ አውርዶ።
እሱን ግን ሙሴ ያለው አልነበረም፤
በደመወዝ ቁጥሩ ነበር የሚጠሩት።

ዓርብ ልጆቹን ይዤ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድን።
ሃዲዱን ሣር ውጦታል። አንዱ ፉርጎ ላይ
ዝገት የበላው ጽሑፍ አለ፤ ሚሊዮን ተንጠራርቶ
ግማሹን አነበበ፣ ግማሹን ከራሱ ጨመረ።
አባቴ እንደ ልማዱ በግንቡ ጥላ ተቀምጧል፣
ሰዓቱን ያያል፤ ባቡሩ ቢቀርም ሰዓቱ ይሠራል።
ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።
ትልቅ ሰው ስላዩ ብቻ በራሳቸው ተሰለፉ፣
አንዱ ሌላውን በክርኑ እየጎሸመ፣
ከዚያ በአንድ አፍ፣ በግመል ‹ር›፣ በፉጨት ከንፈር፣
«ቦንዡር፣ ሙሴ!»

(ሙሲዩ ብዬ ነበር ያስተማርኳቸው፤
ከእኔ አፍ እነሱ አፍ እስኪደርስ ሙሴ ሆነ።)

አባቴ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ፤ እጁ ለምዷል።
ከዚያ ዞር ብሎ
ከኋላው ማን እንደቆመ
ፈለገ።